ምንጣፍ ተሸክሞ አውሮፓን ማየት

«ለሴሚናር ብሎ አውሮፓ የሚሄድ ሰው የሚሄደው ለሽርሽር ነው» ይባላል። ሐሰት ነው። እኔ ሄጄ አይቼዋለሁ። ለሽርሽር ብሎ የሄደ ሰው ነው ሳይወድ በግዱ ሴሚናር ውስጥ የሚገኘው። ጠዋት በሦስት ሰዓት ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ክብ ሠርተህ ቆመህ «ዛፍ ብትሆን ምን ዓይነት ዛፍ ትሆን ነበር?» ተብለህ ስትጠየቅ፣ ይህን ሁሉ ያመጣብህ ያ የሽርሽር ምኞትህ እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባሃል።

የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ለምን እንደተጠየቀ ልንገራችሁ። ሴሚናሩ የወጣት መሪዎች ነው። ወጣቷ መሪ የእህቴ ልጅ ትርሲት ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ከምዕራብ ኦሮሚያ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን መጠለያ ጣቢያ የሚኖሩ አሥራ ሁለት ሴቶችን አሰባስባ የበግ ፀጉር ምንጣፍ የሚሠራ ማኅበር አቋቁማለች። መሪ መሆኗን ግን ከዚያ በፊት የነገረን አልነበረም። እኛ የምናውቃት «ያቺ ዕረፍት የሌላት ልጅ» በሚለው ነው። የግብዣው ደብዳቤ «ወጣት መሪ» ይላል። ዝቅ ብሎም፣ እያንዳንዱ ወጣት መሪ ከፈለገ አንድ በዕድሜ የገፋ አማካሪ ይዞ መምጣት ይችላል ይላል።

እህቴ ደብዳቤው ተነቦ ሲያበቃ «ልጄ ብቻዋን አትሄድም» አለች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

«ምን ታዪኛለሽ?» አልኳት።

«በዕድሜ የገፋ» አለች።

አማካሪ የሆንኩት እንዲህ ነው።

አልከፋኝም። አውሮፓ ውስጥ በመጽሐፍ ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ። የትልልቆቹን ከተሞች ጎዳናዎች ከእኛ ከጠባሴ መንደሮች አብልጬ አውቃቸዋለሁ፤ ጠባሴ ውስጥ እንኳ ሁለት ጊዜ ጠፍቻለሁ። ስለ ብርዱ ሊያስጠነቅቁኝ የሞከሩም ነበሩ። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ላደገ ሰው ስለ ብርድ ምክር መስጠት ለቄስ ልጅ «ሀሁ» ማስቆጠር ነው። በኋላ እንዳየሁት ደግሞ አውሮፓ ሰው የሚፈጀው በሙቀት ነው። ቤቱን ሁሉ በብረት ቱቦ ስለሚያሞቁት፣ በየሌሊቱ እንደ ድፎ ሊጥ ኩፍ ብዬ ነበር የማድረው።

ፕሮግራሙ አራት ቀን ነው። ሦስቱን ቀን ጠዋት ሴሚናር፣ ከሰዓት ጉብኝት። በመጨረሻው ቀን ተገልብጦ ጠዋት ጉብኝት፣ ከሰዓት ሴሚናር። በዚያ ከሰዓት በኋላ እያንዳንዱ ወጣት መሪ ስለ ሥራው ሩብ ሰዓት ይናገራል። ከተናገሩት መካከል ሦስት ማኅበራት ይመረጡና ለአንድ ዓመት ሥራቸውን የሚረከብ ገዢ ይፈለግላቸዋል። ለትርሲትና ለሴቶቹ ነገሩ ሁሉ ያ ሩብ ሰዓት ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ የጠፋው ምንጣፍ ገዢ እንጂ ምንጣፍ ሠሪ አይደለምና፣ ክረምት ሳይገባ የሚገዛ ካልተገኘ ማኅበሩ ይበተናል።

ሌሎቹ ወጣት መሪዎች ስላይድ አዘጋጅተው ነበር። ትርሲት ያዘጋጀችው ምንጣፍ ነው። አሥራ ሁለቱ ሴቶች አንድ ላይ ሆነው የሠሩት፣ ሲጠቀለል ሰው ትከሻ ላይ የሚቀመጥ ምንጣፍ። እያንዳንዷ በደረሳት ቦታ ላይ ትታው የመጣችውን ነገር ሠርታበታለች። አንዷ የማንጎ ዛፍ፣ አንዷ ላም ከነጥጃዋ፣ አንዷ የበቆሎ ጎተራ። ወይዘሮ ፋንታዬ የሚባሉት ጥግ ላይ በር ሠርተዋል። ቤት የለውም፤ በር ብቻ ነው።

«ቤቱስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እሱን ሳየው እሠራዋለሁ» አሉኝ።

የምንሄድ ቀን ጠዋት አሥራ ሁለቱም አውቶቡስ ተራ ድረስ መጡ። ወይዘሮ ፋንታዬ ምንጣፉን ጠቅልለው በገመድ አስረውታል። ያቀበሉት ግን ለትርሲት ሳይሆን ለእኔ ነው።

«እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። አደራ፤ ከእጅዎ እንዳያወርዱት።»

«አላወርደውም።»

«ትርሲት ልጅ ናት፤ ትረሳዋለች።»

«ኧረ እትዬ ፋንታዬ! የምናገርበት እኮ እኔ ነኝ!» አለች ትርሲት።

«አንቺ ተናገሪ። መሸከሙን ለእሳቸው ተይው።»

ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ሴቶቹ አብረው መራመድ ጀመሩ። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ «ይበቃል፤ ተመለሱ!» ብላቸው ወይዘሮ ፋንታዬ እርምጃቸውን ሳያቆሙ «እኛ ከቤታችን ስንወጣ የሸኘን አልነበረም። እናንተን ግን እንሸኛለን» አሉ። ምንጣፉን አቅፌ መስኮቱን ዘጋሁ።

ስለ ሽኝት ካነሣሁ አይቀር፣ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የሆነውን ጣል ላድርግ፤ በኋላ ያስፈልገናል። አንኮበር የሚኖሩ አጎት አሉኝ፤ መሪጌታ ናቸው፤ ሰማንያ ዓመታቸው ነው። ልሰናበታቸው ሄድኩ። አንኮበር ላይ ሜዳ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ እዚያ መሸኛኘት ማለት አንዱ ቁልቁለት ወርዶ ሌላው ዳገት መውጣት ነው። መሪጌታ መኪናው እስከሚቆምበት ድረስ ወርደው ሸኙኝ። የሰማንያ ዓመት ሰው ያንን ዳገት ብቻውን ይውጣ እንዴ? መልሼ በራቸው ድረስ አደረስኳቸው። እሳቸው ደግሞ እንግዳ ከደጃፍ ሊመልሱ ነው? እንደገና ተከትለውኝ ወረዱ። ሦስተኛውን ዳገት ስንወጣ መኪናው ከታች ጥሩምባውን ነፍቶ ሄደ። መሪጌታ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም።

«ከደጃፍ የመለሰ ሸኘ አይባልም፤ አስወጣ ነው የሚባለው» አሉኝ፣ እያለከለኩ። «እደርና ጠዋት ትሄዳለህ።»

አደርኩ።

ሴሚናሩ የተካሄደባት ከተማ ጀርመን አገር ነው ያለችው። ትንሽ ከተማ ናት፤ ስሟ ግን ከእሷ ይረዝማል፤ ጽፌ ልጨርሰው ብል ወጉ እዚያው ያልቅብኛል። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ያ የዛፍ ጥያቄ መጣ። ትርሲት «ዋርካ» አለች። አንዱ «ወይራ» አለ። አስተባባሪዋ፣ አንገቷ ላይ ትንሽ ደወል ያንጠለጠለች ደስተኛ ሴት፣ ወደ እኔ ዞረች።

«ባሕር ዛፍ» አልኩ።

«ለምን?»

«ቶሎ ያድጋል፤ የጎረቤቱን ውኃ ይጠጣል፤ ከሥሩ ምንም አያበቅልም። ያየኋቸው መሪዎች እንዲህ ናቸው።»

ትርሲት እግሬን ረገጠችኝ። ከዚያ አንዲት ወጣት መሪ የተናገርኩትን በቢጫ ወረቀት ጽፋ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ሴሚናር ላይ ምንም ነገር አይጠፋም፤ ስድብ ሳይቀር ግድግዳ ላይ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ምንጣፉ ትከሻዬ ላይ ነው። ስንቀመጥ ጭኔ ላይ፤ ስንበላ ጉልበቴ መካከል። ክብ ሠርተን የክር ድቡልቡል ስንወራወር እንኳ በአንድ እጄ ነው የቀለብኩት። ክሩ መጥፎ ክር ነበር፤ ወይዘሮ ፋንታዬ ቢያዩት ለድመትም አይሰጡት።

ከሰዓት በኋላ ጉብኝት ስንወጣ ትርሲት ተለማመጠችኝ።

«ጋሼ፣ ክፍል ውስጥ ተወው። በሩ ቁልፍ አለው።»

«ቁልፍ አደራ አይቀበልም።»

«ሰው ሁሉ እኮ እያየን ነው!»

«እነሱም ይጎብኙን እንጂ። ጉብኝት በአንድ ወገን ብቻ ነው ያለው ማነው?»

ሙዚየሙ በር ላይ ዘበኛው ምንጣፉን እዚህ አስቀምጠህ ግባ አለኝ። አላስቀምጥም አልኩ። እነሱ ገቡ፤ እኔ አትክልት ስፍራው ውስጥ ተቀመጥኩ። በማግስቱ ቤተ መንግሥት ሄድን፤ እዚያም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን የአንድ ታላቅ ሙዚቀኛ መኖሪያ ቤት ነበር፤ እዚያ ደግሞ ከነምንጣፌ በሩ አላሳልፍ አለኝ። ስለዚህ አውሮፓን በአብዛኛው ከውጭ ነው ያየሁት። ስለዚያም አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከውጭ ይሻላል። ውስጡን አንብቤዋለሁ፤ ውጩን ግን የጻፈው የለም። ደግሞ ቤተ መንግሥት ለእኛ ምን ብርቅ ነው? አንኮበር የነገሥታቱ ግቢ የቀረለት ጥቂት ግንብ ስለሆነ ውስጥና ውጭ የለውም፤ ማንም ሰው ሄዶ ሙሉውን አይቶ ይመለሳል። ለጎብኚ እንዲህ የሚያስብ አገር ሌላ አላየሁም።

የተስተናገድነው በየሰው ቤት ነው። ትርሲት አንዲት አስተማሪ ዘንድ፣ እኔ ሄር ክላውስ ዘንድ፤ «ሄር» በእነሱ «አቶ» ማለት ነው። ሄር ክላውስ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ረጅም፣ ፊታቸው የቀላ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር ጣቢያ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሁለታችንም እንግሊዝኛን የምንናገረው እንደ ተከራይ በቅሎ ነው፤ ተቀምጠንበታል እንጂ ወዴት እንደሚወስደን የሚያውቀው እሱ ነው። ቢሆንም ተግባባን። እሳቸው በየደቂቃው ሰዓታቸውን ያያሉ፤ እኔ በየደቂቃው ምንጣፌን እዳስሳለሁ። ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙ ቋንቋ አያስፈልጋቸውም።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ትርሲት የምትናገረው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሄር ክላውስ ደግሞ ጠዋት በባቡር ሃያ አምስት ደቂቃ የምትርቅ ትልቅ ከተማ ወስደው ካቴድራሏን ሊያሳዩኝ፣ ከዚያ እዚያው ከተማ እህታቸው ቤት ምሳ ሊበሉ፣ እኔ ደግሞ ብቻዬን ልመለስ ተቀጣጠርን።

«ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ምንጣፉን ስጠኝ። በእናትህ» አለች ትርሲት።

«ከእጄ እንዳላወርደው አደራ አለብኝ። ስምንት ሰዓት ላይ አምጥቼ ራሴ አነጥፍልሻለሁ።»

«ብታረፍድስ?»

«ልጄ፣ የባቡር አገር ነው ያለነው። እዚህ ባቡር ሲያረፍድ አይተሻል?»

እውነቴን ነበር። አላረፈደም። አንድም ባቡር አላረፈደም። ሁሉም በየሰዓታቸው እያየኋቸው ሄዱ።

ካቴድራሉ ደጅ ላይ እንደ ወጌ ጫማዬን አወለቅሁ። የበሩ ጠባቂ ባዶ እግሬንና ትከሻዬ ላይ ያለውን ምንጣፍ አይቶ በታላቅ አክብሮት መስገድ ከፈለግሁ ጸጥ ያለ ጥግ እንዳለ አመለከተኝ። የአንገቴን ማዕተብ አሳየሁት። ግራ ተጋባና ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔም ይቅርታ ጠየቅሁት። ያም ሆነ ይህ ከጉብኝቱ ሁሉ ከነምንጣፌ ያስገባኝ ብቸኛው ሕንፃ የእግዚአብሔር ቤት ነበር፤ ይህን ልብ በሉ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሄር ክላውስ ጣቢያው ውስጥ ባቡሩ የሚቆምበት ድረስ አደረሱኝ። ባቡሩ በየግማሽ ሰዓቱ ነው። እጄን ጨብጠው፣ ደኅና ሁን ብለው፣ ዞረው ሄዱ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው፤ ከጀርባ አየኋቸው። ሰው ከፊት ሲታይ ሙሉ ነው፤ ከጀርባ ሲታይ ሁሉም ብቻውን ነው። የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ሸኝቶኝ ብቻውን ሊመለስ? መሪጌታ በዓይኔ መጡ። ወይዘሮ ፋንታዬ መጡ። ምንጣፌን አስተካክዬ ተከተልኳቸው።

«ትንሽ ልሸኝዎ» አልኩ።

ግራ ገባቸው፤ ግን አልተቃወሙም። እህታቸው ቤት የሚወስደው፣ ትራም የሚሉት የከተማ ባቡር እስከሚቆምበት አደባባይ አሥር ደቂቃ አብረን ሄድን። እዚያ ተሰናበትኳቸው። ትራሙ መጣ። ሄር ክላውስ አልተሳፈሩም። እኔን አዩ፤ መንገዱን አዩ፤ ሰዓታቸውን አዩ። በልባቸው ያሉት በኋላ እንደነገሩኝ «ይህ ሰው ወደ ጣቢያው የሚመለስበትን መንገድ አያውቅም» ነው። በትሕትና ክንዴን ይዘው ወደ ጣቢያው መለሱኝ። የሰባት ሰዓቱ ባቡር ሊወጣ ሲል ደረስን።

እኔስ በልቤ ምን አልኩ? «አዬ! ፈረንጅ ይሉኝታ የለውም የሚሉ ሰዎች ምን ያህል ዋሽተዋል! መሪጌታ ማለት እኚህ ናቸው እኮ!» ብዬ በደስታ ተሞላሁ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ደግሞ ብቻውን አይለቀቅም። ባቡሩ በሰዓቱ ሄደ፤ እኔ ሄር ክላውስን ይዤ ወደ አደባባዩ።

አደባባዩ ላይ ሁለተኛው ትራም መጣ፤ እሱም ባዶውን ሄደ። አሁን ሄር ክላውስ መንገዱን እየጠቆሙ ቀስ ብለው፣ ለልጅ እንደሚነገር አስረዱኝ። «እዚህ ጋ ዳቦ ቤት። እዚህ ጋ ፏፏቴ። ገባህ?» እኔም በአክብሮት «ገባኝ፤ እርስዎ ግን ይሳፈሩ» አልኩ። «አንተ መጀመሪያ» አሉ። «እርስዎ መጀመሪያ» አልኩ። ማናችንም ሌላውን ሳናሳፍር ወደ ጣቢያው ተመለስን። ሰባት ሰዓት ተኩል። እንደገና ወደ አደባባዩ። እንደገና ወደ ጣቢያው። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ያለችው ልጅ በሦስተኛው ጊዜ እጇን አውለበለበችልን።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ነገሩ መቋጨት ነበረበት፤ ትርሲትም ትዝ አለችኝ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሽኝት መቋጫ አለው። አንዱ «በሞቴ ተመለስ!» ይላል፤ አለቀ። በሞት ላይ ይግባኝ የለም። ስለዚህ ሐዲዱ ጠርዝ ላይ ቆሜ፣ የሄር ክላውስን እጅ ጨብጬ፣ ዓይናቸውን እያየሁ ባለችኝ እንግሊዝኛ «እባክዎ ወደ ቤትዎ ይመለሱ፤ በእኔ ሞት!» አልኳቸው።

ሄር ክላውስ አርባ ዓመት ባቡር ጣቢያ የሠሩ ሰው ናቸው። ሐዲድ ጠርዝ ላይ ቆሞ ስለ ሞቱ የሚናገር ሰው ምን እንደሚደረግ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ፊታቸው ከቀይነት ወደ ነጭነት ተለወጠ። በአንድ እጃቸው ክንዴን፣ በሌላው ምንጣፉን ይዘው ወደ ኋላ ጎተቱኝ፤ አንድ ነገር ጮኹ። ብርቱካን ቀለም ሰደርያ የለበሱ ሁለት የጣቢያው ሴት ሠራተኞች ከየት እንደመጡ ሳላውቅ ግራና ቀኝ ያዙኝ። የስምንት ሰዓቱ ባቡር በሰዓቱ ሄደ።

ወደ አንዲት ትንሽ ክፍል አስገቡኝ። ሻይ ሰጡኝ፤ ብስኩት ሰጡኝ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አዋሩኝ።

«የሚጠብቅህ ሰው አለ?» አለች አንደኛዋ።

«አለ! ዘጠኝ ሰዓት ላይ!»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምን አለ?»

«ሴሚናር!»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሁለተኛዋ በሐዘኔታ ራሷን ነቀነቀች፤ ሴሚናር ተቀምጣ የምታውቅ መሆን አለባት።

በቃል እንደማይሆን ገባኝ። ገመዱን ፈትቼ ምንጣፉን ወለሉ ላይ ዘረጋሁት። ማንጎውን አሳየኋቸው፤ ላሟን፤ ጎተራውን። ሴቶቹ እነማን እንደሆኑ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትርሲት ይህን ምንጣፍ ይዛ ካልቆመች ምን እንደሚቀርባቸው ነገርኳቸው። ለምን እንደምሸኝም ነገርኳቸው፤ ይኸኛው ከሁሉም ከበደ። ሄር ክላውስ ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ አሉና ጣታቸውን ጥጉ ላይ አሳረፉ።

«ቤቱስ?» አሉ።

«ሲያዩት ይሠሩታል።»

ጣታቸውን በበሩ ዙሪያ አዞሩ። «እናቴ በወጣትነቷ ከምሥራቅ በእግሯ ነው የመጣችው» አሉ። «ከጦርነቱ በኋላ። የቤቷን ቁልፍ ይዛ። ቤቱን ዳግመኛ አላየችውም። ቁልፉ መሳቢያዬ ውስጥ ነው።»

ከዚያ ሰዓታቸውን አዩና ጡረታቸው ከላያቸው ወደቀ። «ስምንት ተኩል ሊሆን ሁለት ደቂቃ!» ብለው ምንጣፉን ጠቀለሉት፤ ትከሻቸው ላይ ጣሉት፤ ሮጡ። ያን ጊዜ ነው ምንጣፉን ከእጄ እንዳወረድኩት ያወቅሁት። ሽማግሌ አሸክሜ ባዶ እጄን ስሮጥ አንኮበር ላይ ቢያዩኝ የዘር ሐረጌን ይመረምሩ ነበር። ደርሼ አንዱን ጫፍ ያዝኩ፤ እሳቸው ሌላውን አልለቀቁም። እንደዚያው ይዘነው ገባን። ብቻዬን ሊያሳፍሩኝ ያልፈለጉት ሁለቱ ባለ ሰደርያዎችም ተከትለውን ገቡ።

አዳራሹ ከጣቢያው ሽቅብ ነው። በሩን የከፈትነው ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ ነው። ሲጠብቁኝ ቆይተው ኖሯል፤ ትርሲት መድረኩ ላይ ባዶ እጇን ቆማለች።

«ስላይድ የለኝም» እያለች ነበር። «ምንጣፍ ነበረኝ። ምንጣፉ አጎቴ ጋ ነው። ሁላችሁም አይታችሁታል።»

አዳራሹ ሳቀ። አራት ቀን ሙሉ ያላየው አልነበረም።

«ስታዩት እብድ መስሏችሁ ይሆናል። እኔም አንዳንዴ ይመስለኛል። ግን የሠሩት ሴቶች ከእጅህ እንዳታወርደው ብለውታል፤ አላወረደውም። እነዚያ ሴቶች ከቤታቸው ሲወጡ የሸኛቸው ሰው አልነበረም። እኛን ግን አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኝተውናል። አጎቴ አሁን የት እንዳለ አላውቅም። ምን እያደረገ እንደሆነ ግን አውቃለሁ፤ አንድ ሰው እየሸኘ ነው።»

በሩ ላይ ቆመናል፤ እኔ በአንዱ ጫፍ፣ ሄር ክላውስ በሌላው፣ ምንጣፉ መካከላችን፣ ከኋላችን ሁለት ብርቱካን ሰደርያዎች። አንድ ሰው ዞሮ አየን። ከዚያ ሁሉም ዞሩ። እንዲህ ያለ ሳቅና ጭብጨባ ለባሕር ዛፉ እንኳ አልተደረገልኝም። ምንጣፉን መድረኩ ላይ ዘረጋነው። ትርሲት ተንበርክካ በሩን አሳየቻቸው፤ ስለ ቤቱም ነገረቻቸው። ሩብ ሰዓቱ ሲሞላ ደወሉ መደወል ነበረበት፤ አስተባባሪዋ በእጇ ይዛው ቀረች።

ከተመረጡት ሦስት ማኅበራት አንዱ የእኛው ሆነ። ትርሲት ግን አዲስ አበባ ከደረስን በኋላም አላናገረችኝም። የጫጫን ከተማ አልፈን የደብረ ብርሃን ብርድ በመስኮት ሲገባ ነው የተነፈሰችው።

«ጋሼ፣ በሰዓቱ መጥተህ ቢሆን ስለ ክሩና ስለ ቀለሙ ነበር የምናገረው። አጥንቼው ነበር።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ ምንም። ዳግመኛ ግን እንዳታማክረኝ።»

ይህን እንደ ምስጋና ወስጄዋለሁ። አማካሪ ሆኜ ሄጃለሁ፤ ማኅበሩ ተመርጧል፤ ካቴድራል አይቻለሁ። ሴሚናርና ጉብኝት እንዲህ አሟልቶ ያጣመረ ሌላ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ወይዘሮ ፋንታዬ አውቶቡስ ተራ ሲቀበሉን የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ከእጅዎ አላወረዱትም?»

መዋሸት እችል ነበር። «አንዴ» አልኩ። «አንድ ሽማግሌ በሩን እንዲያዩት።»

«ምን አሉ?»

«‹ቤቱስ?› አሉ።» የቁልፉንም ነገር ነገርኳቸው።

አሰቡና፣ «እንግዲያው ይምጡ» አሉ። «ቁልፉንም ይዘው ይምጡ። እዚህ በር አለ።»

ይመጣሉ። ሄር ክላውስ በመጪው ሳምንት ደብረ ብርሃን ይገባሉ፤ የሚቆዩት አራት ቀን ነው፤ የመመለሻ በረራቸው እሑድ ነው። ያስጨነቀኝ መምጣታቸው አይደለም፤ መሄዳቸው ነው። አሥራ ሁለቱ ሴቶች ከአሁኑ ሽኝቱን ተከፋፍለውታል። መሪጌታ አንኮበር ላይ ዱላቸውን አዘጋጅተው እየጠበቁ ነው። እህቴ እስከ ጫጫ እሸኛለሁ ብላለች። ከዚህ ሁሉ የከፋው ደግሞ ራሳቸው ሄር ክላውስ ናቸው፤ በደብዳቤያቸው እንደጻፉልኝ ጎረቤቶቻቸውን በራቸው ድረስ መሸኘት ጀምረዋል፤ እህታቸው ሐኪም እንዲያያቸው እየወተወቷቸው ነው።

ስለዚህ አንባቢዎች ሆይ፣ አውቶቡስ ተራ ወይም ጠባሴ አካባቢ ረጅም፣ ፊታቸው የቀላ፣ ሰዓታቸውን ቶሎ ቶሎ የሚያዩ ሽማግሌ ካጋጠሟችሁ ሰላም በሏቸው፤ ያላችሁን አብሏቸው፤ ከዚያ በራችሁ ላይ ቁሙና ወደ ቤታችሁ ግቡ። አትሸኟቸው። ለዚያ እኔ እበቃለሁ።